ሩት፣ የነጋ ልጅ

በጃንዋሪ 24 ቀን 2017 ጠዋት (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሥራ ለመውጣት እየተዘጋጀሁ ሳለ የዓመቱ የኦስካር ዕጩዎች ይፋ ሲደረጉ እሰማ ነበር። በመሪ ተዋናይት ዘርፍ አምስት ስሞች ተጠሩ፤ ኢዛቤል ሁፔር፣ ሩት ነጋ፣ ናታሊ ፖርትማን፣ ኤማ ስቶንና ሜሪል ስትሪፕ። ሁለተኛው ስም ሲጠራ የጫማዬን ማሰሪያ እንደያዝኩ ቀረሁ። ስሙ የተጠራው በፈረንጅ አፍ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት በልጅነቴ በሠፈራችን አቶ ነጋ፣ ጋሽ ነጋ፣ የነጋ ልጅ እየተባለ ሲጠራ የኖረውን ስም ነበር።

ሩት ነጋን ከዚያ ቀን በፊት ጨርሶ አላውቃትም ነበር ማለት አልችልም። በአንዳንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ላይ አይቻታለሁ፤ አየርላንዳዊት መሆኗንም አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ስሟን ግን ሁልጊዜ በላቲን ፊደል ሳየው ስለኖርኩ፣ በአእምሮዬ ወደ ግዕዝ ፊደል መልሼ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ስም በእኛ ዘንድ የሚቀመጥበት ሥርዓት የታወቀ ነው። ልጅ የራሱን ስም ይይዛል፤ ቀጥሎ የአባቱ፣ ካስፈለገም የአያቱ ስም ይከተላል፤ ትውልድ እየተቀባበለ የሚይዘው የቤተሰብ ስም የለንም። ወደ ውጭ የወጣ ሐበሻ ሁሉ ይህ ሥርዓት በአንድ ቅጽ ላይ ሲገለበጥ አይቷል። እኔ ወደ ቨርጂኒያ የመጣሁት አባቴ ባረፈ በዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ወር በአንድ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ የአባቴን ስም ጠራች። በመነሳት ፈንታ ዞር ብዬ ወደ መግቢያው ተመለከትኩ፤ ለአንድ አፍታ በእውነት የሚገባ መስሎኝ ነበር። የተጠራሁት እኔ መሆኔ የገባኝ ስሙን ስትደግመው ነው። ከዚያ ወዲህ በባንክም፣ በሥራ ቦታም፣ በፖስታ ቤትም የምጠራው በእሱ ስም ነው፤ በሕይወት ሳለ በቤታችን ደፍሬ ያልጠራሁትን ስም አሁን በቀን ስንት ጊዜ «እኔ ነኝ» እያልኩ እመልስለታለሁ።

በሩት ስም ላይ የሆነውም ይኸው ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ፤ በአገራችን ሐኪም የሚጠራው በራሱ ስም ነውና ዶክተር ነጋ ይባሉ ነበር። እናቷ ከአየርላንድ የመጡ ነርስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ የተዋወቁት በሥራ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሩት የተወለደችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ለእናትና አባቷም አንድ ልጅ ናት። አራት ዓመት ሲሆናት አፏን የፈታችበትን ከተማ ትታ ወደ አየርላንድ ሄደች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞቱ። ከእሳቸው ጋር የኖረችባቸው ዓመታት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስማቸው ግን ከእሷ ጋር ሄዶ፣ በመጀመሪያ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በኋላም በቲያትር ቤቶች በርና በፊልም ማስታወቂያዎች ላይ ተጽፏል።

ያደገችው በእናቷ ወገኖች መካከል፣ ሊምሪክ ውስጥ ነው። ሊምሪክ በምዕራባዊው የአየርላንድ ክፍል፣ በሻነን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1980ዎቹ አየርላንድ ሥራ የጠፋባት፣ ወጣቶቿ ወደ ለንደን፣ ወደ ቦስተንና ወደ ኒው ዮርክ የሚፈልሱባት አገር ነበረች፤ ከውጭ መጥቶ የሚኖርባት ሰው ጥቂት ነበር፤ ጥቁር ሰው ማየት ደግሞ ብርቅ ነበር። ሕዝቡ ረሃብንና ስደትን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያውቃል። በ1840ዎቹ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ በመርከብ ተሰዷል። በ1984 እና በ1985 የወገኖቻችን ረሃብ በቴሌቪዥን ሲታይ ያ ሕዝብ ልቡ የተነካው፣ የራሱን ታሪክ ስላየበት ይመስለኛል። በጁላይ 13 ቀን 1985 የተካሄደውን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ካሰናዱት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነው። በዚያች አገር ትሮከራ የተባለው የካቶሊክ ጳጳሳት የእርዳታ ድርጅት በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም ትንሽ የካርቶን ሣጥን ያድላል፤ ሣጥኑ የሩቅ አገር ሰው ፎቶግራፍ አለበት፤ ቤተሰቡም ከምግብ የቀነሰውን ሳንቲም እያጠራቀመ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ያስረክባል።

ሩት ሊምሪክ የገባችው በዚያው ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ስም በአየርላንድ ቤቶች ከረሃብና ከምጽዋት ጋር ተቆራኝቶ በነበረበት ጊዜ፣ ለአንዲት ሕፃን ያ ስም የአባቷ አገር ነበር። ክፋት የለበትም፤ የሚሰጡት ሰዎች ቅን ነበሩ፤ እኛም ተቀብለናል፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ሣጥን ላይ ካለው ፎቶግራፍ ሌላ ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ የክፍል ጓደኛ አጠገብ መቀመጥ፣ አባቴ ሐኪም ነበር የሚለውን ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሚያደርገው አስባለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለንደን ተከታትላ ትወናን የተማረችው በደብሊን፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ የሳሙኤል ቤኬት ማዕከል ነው። ሥራዋን የጀመረችው ከመድረክ ነው። በ2003፣ ገና ጀማሪ ሳለች፣ በለንደን ለሚሰጠው የኦሊቪየር ሽልማት ተስፋ በሚጣልባቸው አዳዲስ ተዋንያን ዘርፍ ታጨች። ታዋቂው የአየርላንድ የፊልም ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን ችሎታዋን ካየ በኋላ፣ በ2005 በወጣው «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ውስጥ ቦታ እንዲኖራት የፊልሙን ጽሑፍ እስከ መለወጥ ደርሷል፤ በዚያ ፊልም ከኪሊየን መርፊ ጋር ተጫውታለች። በማግሥቱ ዓመት የበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ተስፈኛ የአውሮፓ ወጣት ተዋንያንን ሲመርጥ በአየርላንድ ስም የቆመችው ሩት ነበረች። አየርላንዳዊት ናት ሲባል አንዳንድ ወገኖቻችን ቅር ሲላቸው አይቻለሁ፤ እኔ ቅር አይለኝም። ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የአነጋገር ዜማዋንም የሰጣት አገር ያ ነው። እሷም ስለ ራሷ ስትናገር ሁለቱንም አገሮች ጎን ለጎን ትጠራለች እንጂ አንዱን በሌላው አትሸፍንም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሠራችውን ልዘርዝር ብል ጽሑፌ የሥራ ማመልከቻ ይመስላል። የአየርላንድን «ላቭ ሄት»፣ የእንግሊዝን «ሚስፊትስ»፣ የአሜሪካን «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ»፣ ከ2016 እስከ 2019 የዘለቀውን «ፕሪቸር» ያየ ሰው ፊቷን ያውቃል። እኔን የሚያቆመኝ በሥራዎቿ መካከል ደጋግሞ የሚመለስ አንድ ነገር ነው። በ2011 ቢቢሲ ባሠራው ፊልም ላይ ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ተጫወተች፤ ባሲ በካርዲፍ ወደብ ሠፈር ከናይጄሪያዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወልዳ አባቷ በሌሉበት ያደገች ሴት ናት። በዚህ ሥራ ሩት በአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ተሸልማለች። በ2019 ከብራድ ፒት ጋር በተጫወተችበት «አድ አስትራ» የተባለ የጠፈር ፊልም ውስጥ ያላት ቦታ አጭር ነው፤ ግን ማርስ ላይ የተወለደች፣ ወላጆቿን ያጣች፣ የሰው ልጆችን ምድር በልጅነቷ አንድ ጊዜ ብቻ ያየች ሴት ናት። ያንን በተረጋጋ ድምፅ ስትናገር ስሰማ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

የተዋናይን ሥራ በሕይወት ታሪኩ መፍታት አደጋ እንዳለው አውቃለሁ። ተዋናይ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የተሰጠውን ነው፤ መልኳ ክልስ የሆነች ተዋናይት ደግሞ የክልስ ታሪክ ደጋግሞ ቢደርሳት የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም በ2021 የወጣውን «ፓሲንግ» ሳይ ይህ ጥንቃቄዬ ይላላብኛል። ፊልሙ ኔላ ላርሰን በ1929 ባሳተመችው ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ርዕሱም መልኩ የቀላ ጥቁር ሰው ነጭ መስሎ ማለፉን የሚገልጽ ቃል ነው። የሩት ገጸ ባሕርይ ክሌር አባቷ ሞቶባት በነጮቹ የአባቷ አክስቶች ቤት ያደገች፣ ከዚያም ማንነቷን ደብቃ ጥቁርን የሚጠላ ነጭ ሀብታም ያገባች ሴት ናት። ዳይሬክተሯ ሬቤካ ሆል ፊልሙን በጥቁርና ነጭ ቀርጻዋለች፤ የእናቷ አባት ነጭ መስለው የኖሩ ሰው ስለነበሩ ታሪኩ ለእሷም የቤት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ በሆቴሉ የሻይ ቤት ውስጥ፣ ክሌር የልጅነት ጓደኛዋን አይሪንን ከሩቅ አይታ ዓይኗን ሳትነቅል የምትመለከትበት ትዕይንት አለ። ብርሃኑ እጅግ ነጭ ከመሆኑ የተነሳ የሰዎቹ ቆዳ ቀለም ይጠፋል። ሩት በዚያ ዓይን ውስጥ ድፍረትና ናፍቆት በአንድ ላይ አስቀምጣለች፤ የተያዘች ሌባም፣ ቤቷን ያገኘች ልጅም ትመስላለች። ክሌርን ክፉ አድርጎ መጫወት ቀላል ነበር። ሩት ግን ወገኖቿ የራቧት ሴት አደረገቻት፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላም የሚያሳዝነኝ ያ ረሃብ ነው። በዚህ ሥራ በ2022 የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማትን በረዳት ተዋናይት ዘርፍ አግኝታለች።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን በካሜራ ያልተቀረጸ ነገር ነው። ሩት በ2010 በለንደኑ ናሽናል ቲያትር፣ በሼክስፒር «ሐምሌት» ተውኔት ውስጥ አባቷ ተገድሎባት አእምሮዋን የምታጣውን ኦፌሊያን ተጫውታ ነበር። በ2018 ደግሞ በደብሊኑ ጌት ቲያትር፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ያኤል ፋርበር ባዘጋጀችው ዝግጅት፣ ራሱን ሐምሌትን ሆነች። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሱት ሐምሌት ለእኛ ባዳ አይደለም፤ እኔም ታሪኩን ያወቅሁት በአማርኛ ነው። ዝግጅቱ በፌብሩዋሪ 2020 ወደ ብሩክሊን መጥቶ ሴንት አንስ ዌርሃውስ በተባለው ቲያትር ቤት ሲታይ፣ ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። በወርም ሳይሞላ ዓለም ሁሉ በሩን ሊዘጋ እንደሆነ ማን ያስብ ነበር።

የሞተው አባት መንፈስ በሌሊት ለልጁ ተገልጦ፣ ስለ አሟሟቱ ከነገረው በኋላ፣ አስታውሰኝ ብሎት የሚሄድበትን ቦታ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። በአማርኛ ሳነበው ያ ቃል ለእኔ የበቀል ትእዛዝ ነበር። ሩት ስትቀበለው ሌላ ነገር ሆነ። ቁመቷ አጭር፣ ሰውነቷ ቀጭን ነው፤ ስለዚህ መድረኩ ላይ የታየኝ ልዑል ሳይሆን አባቱ ሳያሳድገው የቀረ ልጅ ነበር። ልጅ አባቱን እንዲያስታውስ ሲታዘዝ የማስታወሱ ሥራ ምን ያህል ከአቅሙ በላይ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም። ስለ ራሷ አባት እያሰበች ይሁን አይሁን የእኔ ጉዳይ አይደለም። እኔ ግን በሌሊት አውቶቡስ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ስመለስ ስለ አባቴ ሳስብ መጣሁ።

«ላቪንግ»ን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ለእኔ ቅርብ ስለሆነ ነው። የዳይሬክተር ጄፍ ኒኮልስ ፊልም በሜይ 2016 በካን ፌስቲቫል የታየ ሲሆን፣ ሩትን ለኦስካር ያሳጨው እሱ ነው። ላቪንግ የባለታሪኮቹ የቤተሰብ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ አፍቃሪ እንደ ማለት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ ግንበኛ፣ ሚልድረድ ደግሞ ጥቁርም የአገሬው ሕንድም ደም ያላት ሴት ነበረች። የቨርጂኒያ ሕግ ጋብቻቸውን ስለሚከለክል በጁን 1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሸሪፉ በሌሊት ከተኙበት ክፍል ገብቶ ያዛቸው፤ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት የጋብቻ ምስክር ወረቀትም አላዳናቸውም። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈርዶ፣ ለ25 ዓመት አብረው ወደ ቨርጂኒያ ካልተመለሱ እስራቱ ቀሪ እንዲሆን አደረገ። በ1963 ሚልድረድ ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፤ ደብዳቤው ወደ አሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር ተመርቶ ሁለት ወጣት ጠበቆች ጉዳዩን ያዙት፤ በጁን 12 ቀን 1967 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። በዚያን ቀን ተመሳሳይ ሕግ የነበራቸው 16 ክፍላተ አገር ነበሩ። ሪቻርድ ከስምንት ዓመት በኋላ ሰካራም አሽከርካሪ ባደረሰው የመኪና አደጋ ሞተ፤ ሚልድረድም በዚያው አደጋ አንድ ዓይኗን አጣች። አባቷን በመኪና አደጋ ያጣች ልጅ አድጋ ይህችን ሴት መጫወቷን ሳስብ ዝም እላለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ ተነስቼ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ ስነዳ ወደ ቦውሊንግ ግሪን የሚያስገባውን ምልክት አልፋለሁ፤ ሚልድረድን ያሰሯት በዚያች ከተማ ወህኒ ቤት ነው። ዛሬ በዚሁ ቨርጂኒያ ስንት ሐበሻ ፈረንጅ አግብቶ በየቅዳሜው የልጆች ክርስትናና ልደት እንጠራራለን። ከኦስካሩ ምሽት የማልረሳው ሩት በቀይ ቀሚሷ ላይ ያደረገችውን ሰማያዊ ሪባን ነው፤ የላቪንጎችን ጉዳይ ከያዘው ማኅበር ጎን መቆሟን ያሳየችበት ነበር። ሽልማቱ ለኤማ ስቶን ተሰጠ።

በዚያው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናችንን ጠጥተን «ላቪንግ»ን ከፈትኩላትና እየተረጎምኩ እነግራታለሁ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊልሙ የሚጀምረው በሌሊት፣ በረንዳ ላይ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚልድረድ ፊት ለረጅም ጊዜ ይታያል፤ ልትናገር ትፈልጋለች፣ ትፈራለች፣ ወደ እሱ አታይም። ከዚያ ማርገዟን ትነግረዋለች፤ እሱም እስኪመልስላት ድረስ ሁሉም ነገር በዓይኗ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። እኔ ለመተርጎም አፌን ሳልከፍት እናቴ «አርግዛለች፤ ምን ይለኝ ይሆን ብላ ፈርታ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተረጎምኩላትም። የሩት ትወና ከሁሉ የሚለይበት ይህ ይመስለኛል፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሁሉም ነገር ግን ፊቷ ላይ አለ። ጠበቃው ስልክ ደውሎ ጉዳያቸውን እንደሚይዝ ሲነግራትም እናቴ ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ፣ ስልኩን ከሚልድረድ ጋር አብራ የያዘች ይመስል ነበር።

ፊልሙ አልቆ የተዋንያኑ ስም ሲወጣ «ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ስለ ማንም ሰው መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው።

«የነጋ» አልኳት። «አዲስ አበባ ነው የተወለደችው።»

«የእኛው ነጋ?»

«አዎ። ሐኪም ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆናት በመኪና አደጋ አርፈዋል፤ ያሳደጓት እናቷ ናቸው፣ በአየርላንድ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ ያንን የመጀመሪያውን፣ በረንዳው ላይ የተቀመጡበትን፣ መልሼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።